ከዝርዝሩ መጨረሻ የተጠሩት አምባሳደር

ክቡራን አሠልጣኞች፣ ውድ የዲፕሎማሲ ሠልጣኞች፣

የተሰጠኝ ርእስ የአየርላንዳዊው የዴቪድ ኦሰሊቫን የሥራ ዘመን ነው። እ.ኤ.አ. በ1979 የአውሮፓ ኅብረት አስፈጻሚ አካል የሆነውን የአውሮፓ ኮሚሽን ገቡ፤ ከ2000 እስከ 2005 ዋና ጸሐፊው ሆኑ። በሜይ 1 ቀን 2004 10 ሀገራት በአንድ ቀን ሲገቡ የኅብረቱ ቋንቋዎች ከ11 ወደ 20 የዘለሉት በእሳቸው ጊዜ ነው። ይህን ሁሉ ከየትም ታነባላችሁ። እኔ የመጣሁት ስለ አንድ የስም ዝርዝር ልነግራችሁ ነው።

ከ2014 ጀምሮ በዋሽንግተን የኅብረቱ አምባሳደር ነበሩ። በዲሴምበር 2018 ለቀድሞው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ጆርጅ ኤች. ደብሊው. ቡሽ ቀብር አምባሳደሮች በቆይታቸው ቅደም ተከተል ሲጠሩ፣ አራት ዓመት የቆዩት ኦሰሊቫን የተጠሩት መጨረሻ ላይ ነው። ለካ የኅብረቱ ደረጃ ከሀገር ወደ ዓለም አቀፍ ድርጅት ዝቅ ተደርጎ ኖሯል፤ ያውም አንዲት የማሳወቂያ ደብዳቤ ሳትጻፍ! ደረጃው የተመለሰው በማርች 2019 ነው፤ እሳቸው ሥራውን ካስረከቡ በኋላ።

እንዲህ የሆነው ለምንድን ነው? የ1961ዱ የቪየና የዲፕሎማሲ ግንኙነት ስምምነት የተጻፈው ለሀገራት ነው። ኅብረቱ፣ እንደ እኛው አፍሪካ ኅብረት፣ ሀገር አይደለም፤ ተራው የቆመው በአስተናጋጁ አሠራር ላይ ነው። የእናንተ ግን በአንቀጽ 16 የታሰረ ነው፤ የሚሲዮን፣ ማለትም የኤምባሲ፣ መሪዎች በየማዕረጋቸው የሚቀዳደሙት ሥራ በጀመሩበት ቀንና ሰዓት ነው። ልብ በሉ፣ ሰዓትም ጭምር! ሥራ ተጀመረ የሚባለው በአንቀጽ 13 መሠረት ወይ የሹመት ደብዳቤው ሲቀርብ፣ ወይ መድረሳችሁን አሳውቃችሁ ቅጂውን ለውጭ ጉዳይ ስታስረክቡ ነው። የትኛው እንደሚሠራበት ከመሄዳችሁ በፊት ጠይቁ። በቅጂ የሚቆጠርበት ሀገር ገብታችሁ ሻንጣ ስትፈቱ ሳምንት ካለፈ፣ ከኋላችሁ የመጣው ቀድሟችሁ ሊቀመጥ ይችላል። በሥራ ላይ ሳላችሁ አዲስ የሹመት ደብዳቤ ቢመጣ ግን ማዕረጉ እስካልተለወጠ ድረስ ተራችሁ አይነካም። ይህን የማያውቅ አምባሳደር ወደ ኋላ ሲሉት አሜን ብሎ ይሄዳል።

ፕሮቶኮል ማለት ቦሌ ቆሞ አበባ መቀበል ነው የሚሉ ሹማምንት አሉን። አበባውን ማንም ይቀበላል! የሀገሩን ወንበር የሚያስከብር፣ የአምባሳደሮቹን የተራ ዝርዝር በየወሩ መስመር በመስመር የሚያነብ ሰው ስጡን! ደረጃ መውረዱን ከቀብር ላይ የሚሰማ ሚሲዮን አንፈልግም!

የቀረውን ባጭሩ ልበል። ኦሰሊቫን ከዋሽንግተን በፊት፣ በ2011 ሥራ የጀመረውን የኅብረቱን የውጭ ጉዳይ አገልግሎት ካደራጁት አንዱ ነበሩ። በ2023 ደግሞ የማዕቀብ ልዩ መልእክተኛ ሆነው በሦስተኛ ሀገር በኩል ወደ ሩሲያ የሚያልፈውን ዕቃ ማሳደድ ያዙ። እዚያም የሚሠሩት ከዝርዝር ጋር ነው፤ በዩክሬን ጦር ሜዳ ከሩሲያ መሣሪያዎች ውስጥ የተገኙ የኤሌክትሮኒክስ ክፍሎች፣ እያንዳንዳቸው በጉምሩክ መለያ ቁጥራቸው የሰፈሩበት።

አመሰግናለሁ።