ነፋሱን ጠይቁ፦ የግሪክ ደሴት ዕረፍት ላሰባችሁ አድማጮች የተሰጡ መልሶች

ባለፈው ቅዳሜ በስልክ የገቡት ጥያቄዎች ብዙ ነበሩ፤ ሰዓቱ አልበቃንም። ከአቴንስ ወደ ደሴቶቹ እንግዳ ስወስድ ዓመታት አልፈዋል። የምሰማቸው ጥያቄዎች ከዓመት ዓመት ያው ናቸው። በአየር ላይ የመለስኩትንም፣ ሳልመልሰው የቀረውንም እዚህ አንድ ላይ አድርጌዋለሁ። ስለ ነፋስ ደጋግሜ ሳነሳ ትሰሙኛላችሁ። እንዳትሰለቹኝ።

አድማጭ ከቦሌ፦ በነሐሴ ከባለቤቴና ከሁለት ልጆቼ ጋር የባሕር ዳር መንደር ለመሄድ አስበናል። ቪዛውን መቼ ብንጀምር ይሻላል? ሁሉን ነገር ጨርሶ የሚሰጥ ሰው አግኝተናል።

መልስ፦ ዛሬውኑ ጀምሩ። ማመልከቻ ከጉዞው 6 ወር ቀድሞ ማስገባት ይቻላል። ቢዘገይ ቢዘገይ 15 ቀን ሲቀረው ነው፤ ግን እስከዚያ የቆየ ሰው ቀጠሮ ሲያጣ አይቻለሁ። ክፍያው ለአዋቂ 90 ዩሮ ነው። ከ6 ዓመት ጀምሮ 12 ላልሞላው ልጅ 45 ዩሮ፣ ከ6 ዓመት በታች ነጻ ነው። የጉዞ ኢንሹራንሱ ቢያንስ 30 ሺህ ዩሮ የሚሸፍን መሆን አለበት። ፓስፖርታችሁ ከአውሮፓ ከምትወጡበት ቀን በኋላ ቢያንስ 3 ወር ይቅረው።

«ጨርሶ የሚሰጥ ሰው» ያላችሁትን ግን ልቤ አልወደደውም። ፎርም የሚሞላላችሁ ከሆነ ችግር የለም። የሌለ ሆቴል፣ የሌለ የባንክ ስቴትመንት የሚሠራላችሁ ከሆነ ሽሹት። ውሸቱ ሲገኝ የሚከለከለው ደላላው አይደለም፤ እናንተ ናችሁ። መረጃው በሸንገን፣ ማለትም በአንድ ቪዛ በሚገባባቸው የአውሮፓ አገሮች፣ የቪዛ መዝገብ እስከ 5 ዓመት ይቀመጣል። የልጆቻችሁም ስም አብሮ አለበት።

አድማጭ ከዱባይ፦ የኤምሬትስ መኖሪያ ፈቃድ አለኝ። ለግሪክ ይበቃኛል?

መልስ፦ አይበቃሽም፤ ቪዛ ያስፈልግሻል። ግን እዚያው የምትኖሪበት አገር ሆነሽ ማመልከት ትችያለሽ፤ ለዚህ ብለሽ አዲስ አበባ አትመለሺ።

አድማጭ ከነታንያ፦ በእስራኤል ፓስፖርት ስንሄድስ?

መልስ፦ ቪዛ አያስፈልግም። በ180 ቀን ውስጥ እስከ 90 ቀን መቆየት ትችላላችሁ። የአሜሪካ ፓስፖርትም እንደዚሁ ነው።

አድማጭ ከጀርመን፦ የጥገኝነት ጉዳዬ ገና አልተወሰነም። ጓደኞቼ «ሸንገን ውስጥ ስለሆነ ማንም አይጠይቅህም» ይሉኛል።

መልስ፦ ጓደኞችህ ቢሳሳቱ የሚከፍሉት ነገር የለም። አንተ ግን ጉዳይህን ልታበላሽ ትችላለህ። ጠበቃህን ሳታማክር ትኬት እንዳትቆርጥ።

አድማጭ ከአዲስ አበባ፦ ሳንቶሪኒና ሚኮኖስ ውድ ናቸው፣ ሰውም ይበዛባቸዋል ይባላል። ጸጥ ያለ መንደር የት አለ?

መልስ፦ ይሄን ጥያቄ እወደዋለሁ። ለመጀመሪያ ጊዜ የምትመጡ ከሆነ ኤጂናን እዩ። ከአቴንስ ወደብ ከፒሬዎስ ፈጣኑ ጀልባ 40 ደቂቃ ገደማ ነው የሚወስደው። ኢድራም ቅርብ ናት፤ መኪና የማይገባባት ደሴት ናት፣ ሻንጣችሁን የሚሸከመው በቅሎ ነው። ሚሎስ ላይ ክሊማ የምትባል መንደር አለች። የቤቶቹ ምድር ቤት የጀልባ ማሳደሪያ ነው፤ በሩ ቀይ፣ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ ተቀብቶ ከውሃው አፍ ላይ ተደርድሯል።

እኔን የሚያሳሳኝ ግን ሲፍኖስ ነው። ቅዳሜ ማታ በመንደሩ ብትዞሩ ሰዎች የሸክላ ድስት በሁለት እጃቸው ታቅፈው ወደ ዳቦ መጋገሪያው ሲሄዱ ታያላችሁ። ውስጡ ሽምብራ፣ ሽንኩርትና የወይራ ዘይት ነው። ሌሊቱን ሙሉ በእንጨት ምድጃ ውስጥ ያድርና እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ይበላል። ክዳኑ ሲነሳ የሚወጣው ሽታ የእናቴን ጓዳ ያስታውሰኛል።

ከእኛ አገር የሚመጡ ብዙዎች ደግሞ ፍጥሞን ይጠይቁኛል። አዎ፣ ዮሐንስ ራእዩን ያየባት ፍጥሞ፤ ግሪኮች ፓትሞስ የሚሏት። አውሮፕላን ማረፊያ የላትም። ከፒሬዎስ በመርከብ ከ7 እስከ 9 ሰዓት ይፈጃል፤ ብዙ ጊዜም የሚደርሰው በሌሊት ነው። ስለዚህ ለአከራያችሁ የመርከቡን ስምና ሰዓት አስቀድማችሁ ላኩ። ስካላ ወደቧ ናት፣ ሱቁም ታክሲውም እዚያ ነው። ጸጥታ ከፈለጋችሁ ጥቂት ኪሎ ሜትር ወረድ ብላችሁ ግሪኮስ እደሩ። ከተራራው አናት ላይ ያለው ገዳም በ1088 የተመሠረተ ነው። ትከሻና ጉልበት የሚሸፍን ልብስ ያዙ፤ ነጠላ ትበቃለች። ጠዋት ሂዱ፣ እኩለ ቀን ላይ ይዘጋል።

መንደር ስትመርጡ ፎቶውን ብቻ አትዩ። ካርታውን ከፍታችሁ ባሕር ዳሩ ወደ የት አቅጣጫ እንደሚያይ ተመልከቱ። በሐምሌና በነሐሴ ነፋሱ ከሰሜን ነው። ወደ ሰሜን የሚያይ መንደር ማዕበሉን በቀጥታ ይቀበላል። ሰኔ ወይም መስከረም መሄድ ከቻላችሁ ነፋሱም ይረግባል፣ ክፍሉም ይረክሳል። ኅዳር ላይ ግን አትሂዱ፤ አብዛኛው ታቬርና (የመንደር ምግብ ቤት) ዘግቶ ባለቤቱም አቴንስ ገብቷል።

አድማጭ ከስቶክሆልም፦ ሰኞ ማታ ከአቴንስ በረራ አለኝ። ሰኞ ጠዋት ከደሴቱ በመርከብ ብነሳ እደርሳለሁ?

መልስ፦ ወረቀት ላይ ትደርሻለሽ። ነፋሱ ግን ወረቀት አያነብም። ሲያይል የወደብ ባለሥልጣን መርከቦች እንዳይነሱ ይከለክላል፤ አንድ ቀን፣ አንዳንዴም ሁለት ቀን። የወደብ ሠራተኞች አድማም አለ። የመርከብ ትኬትሽን ገንዘብ ይመልሱልሻል። አውሮፕላኑ ግን አይጠብቅሽም። ለሁሉም እንግዳዬ የምለውን ላንቺም እላለሁ፦ የመጨረሻዋን ሌሊት አቴንስ እደሪ። እሑድ ተመለሺ።

ስትሄጂም እንደዚሁ አትጣደፊ። ከአውሮፕላን ማረፊያ እስከ ፒሬዎስ ሜትሮ አለ፣ 9 ዩሮ ነው። ወደቡ ግን ሰፊ ነው። ለፍጥሞ፣ ለኮስና ለሮድስ የሚነሱት በአብዛኛው ከኢ1 በር ነው፤ ከሜትሮው ሩቅ ነው፣ በወደቡ ውስጥ የሚዞር አውቶቡስ ፈልጊ። ትኬትሽ ላይ ያለውን የበር ቁጥር አይተሽ ከአንድ ሰዓት በፊት ድረሺ። አንዳንድ መርከብ ደግሞ ከፒሬዎስ ሳይሆን ከራፊና ነው የሚነሳው። ሻንጣ እየጎተቱ የተሳሳተ ወደብ ላይ የሚያለቅሱ ሰዎች አይቻለሁ።

አድማጭ ከሲልቨር ስፕሪንግ፦ ልጆቼ 7 እና 10 ዓመታቸው ነው። ትልቅ የላስቲክ ዳክዬ ገዝቼላቸዋለሁ። የመንደሩ ባሕር እንደ ኩሬ የረጋ ነው ብለውኛል። እኔ ዋና አልችልም፤ ግን ዳር ቁጭ ብዬ አያቸዋለሁ። ይበቃል?

መልስ፦ አይበቃም እህቴ። እዚህ ላይ ጊዜ ወስጄ ልናገር፤ ታገሡኝ።

ከዓመታት በፊት በአንዲት ትንሽ መንደር ከሰዓት በኋላ ታቬርና ውስጥ ተቀምጠን ነበር። አንዲት የአገራችን እናት ቀሚሷን እስከ ጉልበቷ ሰብስባ ውሃው ውስጥ ቆማለች። በስልኳ ልጇን ትቀርጻለች። ልጅቷ ሮዝ የላስቲክ ወፍ ላይ ተቀምጣ ትስቃለች። ባሕሩ መስታወት ይመስላል። ትንሽ ቆይቶ ሳቁ ራቀ። እናትየዋ «በቃ ነይ፣ ነይ» አለች። ልጅቷ በእጆቿ ትቀዝፋለች፤ ወፏ ግን ወደ ውጭ ትሄዳለች። እናትየዋ እስከ ደረቷ ገባች። ዋና አትችልም። እዚያው መረብ ሲጠግኑ የነበሩ አንድ ሽማግሌ ዓሣ አጥማጅ ቃል ሳይናገሩ ተነስተው የጀልባቸውን ሞተር አስነሱ። ሲደርሱባት ልጅቷ የወደቡን ግንብ አልፋ ነበር። ይዘዋት ተመለሱ። ለእናትየዋ አንድም የቁጣ ቃል አልወጣቸውም። ላስቲኩን ግን በቢላዋቸው ቀደው ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ከተቱት።

ምን እንደሆነ ላስረዳ። በበጋው ኤጂያን ባሕር ላይ ከሰሜን የሚነፍስ መልቴሚ የሚባል ደረቅ ነፋስ አለ። ሰማዩ ጥርት ብሎ፣ ፀሐይ እያበራች ይነፍሳል፤ ስለዚህ ማንም አይጠረጥረውም። ባሕር ዳራችሁ ወደ ደቡብ የሚያይ ከሆነ ነፋሱ የሚመጣው ከጀርባችሁ፣ ከመንደሩ በኩል ነው። ተራራው ስለሚከልላችሁ ዳሩ ላይ ማዕበል የለም። ውሃው የረጋ የሚመስለውም ለዚህ ነው። ግን ነፋሱ የሚገፋው ወደ ክፍት ባሕር ነው። በአየር የተነፋ ነገር ደግሞ ሸራ ማለት ነው። ውሃው ላይ ተንሳፍፎ ይቀመጣል እንጂ የሚይዘው ነገር የለም። ሃያ ሠላሳ ሜትር ከራቀ በኋላ ነፋሱን በደንብ ያገኘዋል፤ ከዚያ ወዲያ ጎበዝ ዋናተኛም አይደርስበትም። ያ «እንደ ኩሬ የረጋ» ባሕር ነው ልጅ የሚወስደው።

ስለዚህ ዳክዬውን ቤት ተይው። በልጆችሽ ክብደት ልክ የሆነ የሕይወት አድን ጃኬት ግዢ። ክንድ ላይ የሚነፋው ላስቲክ አይተካውም። ትንንሽ መንደሮች ውስጥ የነፍስ አድን ሠራተኛ አብዛኛውን ጊዜ የለም፤ «አንድ ሰው ያያቸዋል» የሚባል ነገር የለም። ዋና የሚችል አዋቂ ውሃው ውስጥ ገብቶ ከልጆቹ በክንድ ርቀት ላይ ይሁን። እሱ ከሌለ ልጆቹ ከጉልበታቸው በላይ አይግቡ። ስልክሽን ቦርሳ ውስጥ ክተቺው።

ለትልልቆቹም እናገራለሁ። «ሶደሬ ዋኝቻለሁ፣ ላንጋኖ ዋኝቻለሁ» የምትሉ ወንድሞች አላችሁ። ገንዳም ሐይቅም ጠርዝ አለው። ባሕር የለውም። ኡዞ የሚባለውን የግሪክ አረቄ ጠጥታችሁ አትግቡ። ጥልቀቱን ከማታውቁት ቋጥኝ ላይ አትዝለሉ። ዋና ስትሉ ከዳሩ ጋር ጎን ለጎን ዋኙ፤ ወደ ውስጥ አይሁን።

ነፋሱ ኳስ ከወሰደ ኳሱ ይሂድ። ማንም አይከተለው። ልጅ ከወሰደ ግን ላስቲኩን እንዳይለቅ ጩኹለት፤ እላዩ ላይ እስካለ ድረስ ይንሳፈፋል። ዋና የማትችሉ ተከትላችሁ አትግቡ፤ ሁለት ሰው ፍለጋ ይሆናል። 112 ደውሉ። የባሕር ጠባቂው የራሱ ቁጥር 108 ነው። በአካባቢው ጀልባ ያለውን ሰው ጥሩ፤ «ቮኢቲያ!» በግሪክኛ «እርዱን!» ማለት ነው።

እህቴ፣ ጉዞሽ ገና ወራት አለው። እስከዚያ አንቺም ልጆችሽም ሰፈራችሁ ባለው ገንዳ አሠልጣኝ ያዙ። ለሆቴል ከምታወጪው ላይ ቀንሰሽም ቢሆን።

አድማጭ ከአዲስ አበባ፦ ጉዞዬ ፍልሰታ ላይ ዋለ። የምበላው አገኛለሁ?

መልስ፦ ታገኛለህ፤ እነሱም ይጾማሉ። የእነሱ ግን ከኦገስት 1 እስከ 14 ነው፤ በ15 በዓሉን ያከብራሉ። የእኛ ነሐሴ 1 የሚገባው ኦገስት 7 ስለሆነ እነሱ ፍየል ሲጠብሱ አንተ ገና በጾምህ አጋማሽ ላይ ነህ። በዚያ ሳምንት መርከቡም ክፍሉም ጢም ይላል፤ ወራት ቀድመህ ያዝ።

«ኒስቲሲሞ» ብለህ ጠይቅ፤ የጾም ማለት ነው። ግን ተጠንቀቅ። እነሱ ዘንድ ኦክቶፐስና ሽሪምፕ ጾም አይሽርም፤ ስለዚህ ሰሃንህ ላይ ሊመጣ ይችላል። ፋቫ ብትል ከቢጫ አተር የተሠራ፣ ሽሮን የሚያስታውስ ነገር ይመጣልሃል። ጊጋንዴስ ትልልቅ ቦሎቄ በቲማቲም ነው። ሆርታ ደግሞ እንደ ጎመን የተቀቀለ ቅጠል ነው፤ ሎሚና ዘይት ይደረግበታል።

አድማጭ ከለንደን፦ ኮስ እያለን ለአንድ ቀን በጀልባ ቱርክ ደርሰን ብንመለስስ? በኢትዮጵያ ፓስፖርት ነው።

መልስ፦ ቪዛህ የአንድ ጊዜ መግቢያ ከሆነ ቱርክ የረገጥክ ዕለት አለቀ። ሻንጣህ ኮስ፣ አንተ የቱርኳ ቦድሩም ትቀራለህ። ቱርክም የራሷን ቪዛ ትጠይቅሃለች። ፓስፖርትህ ላይ ያለውን ቪዛ አሁን አውጥተህ አንብብ።

አድማጭ ከአዳማ፦ የቧንቧ ውሃ ይጠጣል?

መልስ፦ ትንንሾቹ ደሴቶች ላይ የታሸገ ጠጡ። የመጸዳጃ ወረቀትም ቅርጫት ውስጥ እንጂ ሽንት ቤቱ ውስጥ አይጣልም፤ ቱቦው ጠባብ ነው።

አድማጭ ከአትላንታ፦ ባለ አራት ጎማ ሞተር ተከራይተን ደሴቱን ብንዞርስ?

መልስ፦ መንገዱ ጠባብ ነው፣ አሸዋ አለው፣ ጥምዝ ላይ ነፋሱ ይገፋል። ቁምጣ ለብሶ፣ ሄልሜት መቀመጫው ሥር አድርጎ የሚነዳ ሰው በየበጋው አያለሁ። ትንሽ ደሴት ላይ ያለው ጤና ጣቢያ ብቻ ነው። ከባድ ጉዳት በሄሊኮፕተር አቴንስ ይሄዳል፤ ነፋስ ካለ ደግሞ እሱም ይዘገያል። ብዙ የጉዞ ኢንሹራንስ ባለ አራት ጎማ ሞተርን አይሸፍንም። ኢንሹራንስህ ጋ ደውለህ በጽሑፍ መልስ ተቀበል። ለእኔ ግን ትንሽ መኪና ወይም የመንደሩ አውቶቡስ ይሻላል።

አድማጭ ከሐዋሳ፦ እናቴ 74 ዓመቷ ነው። ፍጥሞ ላይ ዮሐንስ ራእዩን ያየበትን ዋሻ ሳልሳለም አልሞትም ትላለች። ደም ግፊትና የጉልበት ሕመም አለባት። ትችላለች?

መልስ፦ እግዚአብሔር ያድርስልሽ። ታክሲ በሩ ድረስ ይወስዳታል። ከበሩ ወደ ዋሻው የሚያወርድ ብዙ ደረጃ አለ፣ ሲመለሱ ደግሞ ሽቅብ ነው። በጠዋት፣ በመስከረም፣ ቀስ ብለው እያረፉ የወረዱ ብዙ እናቶችን አድርሻለሁ። በነሐሴ ሙቀት ግን አልመክርም። ከምንም በፊት ሐኪሟ ጋ ውሰጃት። ረጅም በረራውን፣ የመርከቡን ሌሊትና ደረጃውን ዘርዝረሽ ንገሪው። መድኃኒቷን ከሚያስፈልጋት አንድ ሳምንት አስበልጠሽ በእጅ ቦርሳ ያዢ፤ ነፋስ ተነስቶ ደሴቱ ላይ ብትቆዩ አያልቅባትም። ሐኪሟ እሺ ካለ ቲኬቱን ቁረጪ።