ፊደሉን ቁጥር ስናደርገው

ሰላም፣ እንዴት ሰነበታችሁ። ዛሬ እንግዳ የለም፣ ብቻዬን ነኝ። ሰሞኑን ጭንቅላቴ ውስጥ የሚመላለስ ነገር አለ፣ እሱን ላውራችሁ።

እኔ የተማርኩት ሲግናል ፕሮሰሲንግ ነው። ድምፅ በሉት፣ የልብ ምት በሉት፣ ራዳር በሉት፣ ሁሉም እጃችን የሚገባው ቁጥር ሆኖ ነው። ወደ ጂኖም፣ ማለትም ወደ አንድ ፍጡር ሙሉ ዲኤንኤ ስመጣ ግን የጠበቀኝ ጽሑፍ ነው፤ ኤ፣ ሲ፣ ጂ፣ ቲ። የሰው ጂኖም 3 ቢሊዮን ገደማ ፊደል ነው። ሲግናል ውስጥ የሚደጋገመውን የሚፈልገው ሂሳብ፣ ፉሪየር ትራንስፎርም፣ ደግሞ ፊደል አያውቅም፣ ቁጥር አምጡ ነው የሚለው።

ታዲያ እንዴት እንቀይረው? እጅ የሚቀድመው ኤን 1፣ ሲን 2፣ ጂን 3፣ ቲን 4 ማለት ላይ ነው። እስቲ አስቡት፤ ቲ የኤ አራት እጥፍ ነው አልን እኮ! ኤ እና ቲ ዳርና ዳር፣ ሲ እና ጂ ጎን ለጎን አልን። ይህን ተፈጥሮ አላለችም፣ እኛ ነን የጨመርነው። ክፋቱ ሂሳቡ አይቃወምም፤ ያማረ ስፔክትረም፣ የትኛው ድግግሞሽ ምን ያህል ኃይል እንዳለው የሚያሳይ ሥዕል፣ ሠርቶ ይሰጣችኋል።

የፊዚክስ ተመራማሪው ሪቻርድ ቮስ እንደ ፈረንጆቹ በ1992 የተጠቀመበት መንገድ ደስ የሚለኝ ለዚህ ነው። ለእያንዳንዱ ፊደል የራሱ ረድፍ፤ ፊደሉ ካለ 1፣ ከሌለ 0። ኤቲጂጂሲኤ የሚለውን ብንወስድ፣ የኤ ረድፍ 1 0 0 0 0 1 ይሆናል፤ የጂ 0 0 1 1 0 0። ማንም ከማንም አይበልጥም። ከዚያ የአራቱንም ስፔክትረም አውጥቶ ኃይላቸውን መደመር ነው።

እና ፕሮቲን የሚጻፍበት ክፍል ላይ ብዙ ጊዜ፣ በየሦስት ፊደሉ በሚደጋገመው ፍሪኩዌንሲ ላይ ጉልህ ጫፍ ይወጣል። የፕሮቲን ጡብ የሆነው አንድ አሚኖ አሲድ የሚጻፈው በሦስት ፊደል ነው፤ ኮዶን የሚባሉት እነዚህ ሦስት ሦስት ፊደሎችም እኩል አያገለግሉም፣ ስለዚህ አንደኛው፣ ሁለተኛውና ሦስተኛው ቦታ የየራሱ አድልዎ አለው። ስለ ፕሮቲን አንዳች የማያውቅ ሂሳብ ይህን ማሽተቱ ዛሬም ይገርመኛል።

ግን መስኮቱ አለ፣ በአንድ ጊዜ ቆርጠን የምናየው የፊደል ርዝመት ማለቴ ነው። ጫፉ ጠርቶ እንዲወጣ ረዘም ያለ መስኮት ያስፈልጋል፤ የተለመደው 351 ፊደል ነው፣ ለሦስት ስለሚካፈል። የሰው ኤክሶን፣ ማለትም ፕሮቲን የሚጻፍበት ቁራጭ፣ ደግሞ በአብዛኛው 200 ፊደል እንኳ አይሞላም! ብታሳጥሩት ጫጫታው ይውጠዋል፣ ብታስረዝሙት የኤክሶኑ ድንበር ይጠፋችኋል። ከራዳር ጋር የተውኩት የመሰለኝ ጣጣ እዚህም ጠበቀኝ።

እውነቱን ለመናገር እኔን ይበልጥ የሚስበኝ ናኖፖር የሚባለው የዲኤንኤ ማንበቢያ ነው። እዚያ ቁጥሩን እኛ አንፈጥረውም። ዲኤንኤው በጠባብ ቀዳዳ ሲያልፍ የኤሌክትሪክ ፍሰቱ በፒኮአምፔር፣ እጅግ በጣም በትንሹ፣ ይዋዥቃል፤ ፊደሉ የሚነበበው ከዚያ ነው። ቀላል እንዳይመስላችሁ፤ ፍሰቱን የሚወስነው አንድ ፊደል ሳይሆን ቀዳዳው ውስጥ አብረው ያሉት በርካታ ፊደላት ናቸው። ኤ ተከታትሎ ሲመጣ ደግሞ ፍሰቱ ዝም ይላል፣ ሰባት ይለፉ ስምንት መለየት ያስቸግራል፣ የሚያልፉበት ፍጥነትም አንድ ወጥ አይደለም። ከሲግናል በኩል የምትመጡ ካላችሁ፣ እኔ ብሆን የምጀምረው ከዚህ ነው። በሉ፣ ቻው።