ቦዩን የቆፈረው እድር ነው
በአዳማ ከተማ በአንድ የሰፈር እድር ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ ወንድሞችና እህቶች፤

ይህ የተቀመጥንበት ድንኳን ባለፈው ክረምት ለለቅሶ ሳይሆን ጎርፍ ቤታቸው ለገባባቸው አራት ቤተሰቦች መጠለያ ተተክሎ እንደ ነበር ታስታውሳላችሁ። አዳማ በኮረብታዎች መካከል የተቀመጠች ከተማ ናት፤ ከላይ የዘነበው ወደ እኛ ይወርዳል። በየትኛው አጥር ሥር እንደሚያልፍ ሰፈራችን ውስጥ አንድ ክረምት ያሳለፈ ሕፃን ያውቃል።

ከዚያ ክረምት በፊት፣ በግንቦት፣ መፋሰሻ እንዲሠራልን ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት ደብዳቤ አስገብተን ነበር። ያስተናገዱን ሠራተኛ በአክብሮት ተቀብለውን፣ የበጀት ዓመቱ ሊዘጋ ስለሆነ ቆይተን እንድንመለስ ነገሩን። ሰኔ 30 ሒሳብ ይዘጋል፤ ሐምሌ 1 አዲሱ ዓመት ይጀምራል፤ ከዚያ ጨረታ ይወጣል። ጎርፉ የሚመጣው ደግሞ በዚሁ መካከል ነው። በሠራተኛው አልፈርድም። ለአገር ሁሉ በአንድ ቀን የሚከፈትና የሚዘጋ መዝገብ የእኛን ሰፈር ክረምት ሊጠብቅ አይችልም።

ጎርፉ በገባ ማግስት ጡሩምባ ተነፋ። ማን ሞተ ብለን ደንግጠን ወጣን። ወጣቶቹ አካፋና ዶማ ይዘው ቆመዋል፤ እናቶች ንፍሮ ቀቅለዋል፤ ባለጋሪው ድንጋይ ሊያመላልስ ጋሪውን አምጥቷል። በሦስት ቅዳሜ ቦዩ ተቆፍሮ አለቀ። ገጠር ያደግን ሁሉ የምናውቀው ደቦ ነው፤ ከተማ ስንገባ የረሳነው መስሎኝ ነበር። ያን ቀን ያየሁት ደስታ እስከ አሁን አብሮኝ አለ።

ከዚያ ወዲህ «እድሩ በመንግሥት ሥር ገብቶ በጀት ይመደብለት» የሚል ሐሳብ ከመካከላችን ተነሥቷል። በቅንነት የቀረበ መሆኑን አውቃለሁ፤ ግን አጥብቄ እቃወመዋለሁ።

በዕድሜ የገፋችሁ ቀበሌን አስታውሱ። በ1967 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በአዋጅ ሲወረስ የነዋሪዎች ማኅበር ተብሎ ነው የተቋቋመው። ነዋሪው ኮሚቴውን መርጦ፣ ኪራይ ሰብስቦ፣ ሰፈሩን እንዲያለማ ነበር የታሰበው። ብዙም ሳይቆይ የመንግሥት እጅ ሆነ። አብዮት ጥበቃ በእርሱ ሥር ተደራጀ፤ ስኳር በእርሱ ታደለ፤ ልጆቻችን ለብሔራዊ ውትድርና በእርሱ በኩል ተመለመሉ። ወደን የማንገባበት፣ ስንጠላውም የማንወጣበት ማኅበር ምን ዓይነት ማኅበር ነው?

ከእድራችን መውጣት የፈለገ ሰው መዋጮውን አቁሞ ይወጣል። ገንዘብ ያዣችን ሒሳቡን እዚሁ ቆመው ያነባሉ፤ አምስት ብር ብትጎድል የሚጠይቋቸው እናት ከፊታቸው ተቀምጠዋል፤ ነገ ጠዋትም ወፍጮ ቤት ያገኟቸዋል። ይህንን ተጠያቂነት የትኛውም ኦዲተር አያመጣልንም።

በሌላውም ዓለም እንዲህ የሚኖሩ አሉ። በስፔን በቫሌንሲያ የመስኖ ውኃ ክርክር የሚዳኙት ገበሬዎቹ ከመካከላቸው የመረጧቸው ገበሬዎች ናቸው። ሐሙስ ሐሙስ እኩለ ቀን ላይ ከካቴድራሉ ደጃፍ ይቀመጣሉ፤ ክርክሩም በቃል ነው። ልክ እንደ እድር ዳኞቻችን! አሜሪካዊቷ ምሁር ኤሊኖር ኦስትሮም እንዲህ ያሉ ማኅበራትን ስታጠና ኖራ እ.ኤ.አ. በ2009 በኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት አግኝታለች። ተጠቃሚዎቹ ራሳቸው ባወጡት ደንብ ውኃን፣ ግጦሽንና ደንን ለዘመናት ጠብቀው ማቆየት እንደሚችሉ አሳይታለች።

ትልቁን የከተማውን መፋሰሻ መሥራት ከአቅማችን በላይ ነው፤ በከፈልነው ግብር እንዲሠራ መጠየቃችንን አንተውም። እድሩን ግን ለዚያ ብለን አንሰጥም።

አንድ የሚያመኝ ነገር አለ። ቦዩን ከቆፈሩት ብዙዎቹ ተከራዮች ነበሩ፤ ደንባችን ደግሞ ተከራይን አባል አያደርግም። እጁ እስኪላጥ የቆፈረልን ልጅ ነገ እናቱ ብትሞት ይህ ድንኳን አይተከልለትም። ይህንን በመንግሥት ማሳበብ አንችልም፤ ደንቡን የጻፍነው እኛ ነን። ስለዚህ ተከራዮች በመደበኛው መዋጮ፣ ያለ መግቢያ ክፍያ አባል እንዲሆኑ ሐሳብ አቀርባለሁ። ዛሬውኑ እጅ አውጥተን እንወስን።

ቦዩም ደለል ሞልቶታል፤ ከሰኔ 12 በፊት መጠረግ አለበት። መዝገቡ ጸሐፊው ጠረጴዛ ላይ ነው። አካፋ ያላችሁ፣ ዶማ ያላችሁ፣ ከመውጣታችሁ በፊት ተመዝገቡ።