ጥቁር ጀበና፣ ነጭ ሲኒ፦ ብርሃንና ጥላ በፎቶ ውስጥ

[ምስል፦ ረከቦት ላይ አንድ ጥቁር ጀበናና አንድ ነጭ ሲኒ። በስተግራ መስኮት። ሌላ መብራት የለም።]

ሰላም ለሁላችሁም። ዛሬ የምንሠራው በሁለት ዕቃ ነው። አንድ ጥቁር ጀበና፣ አንድ ነጭ ሲኒ። የቤቱን መብራት አጥፍቻለሁ። ብርሃን የሚገባው በግራ በኩል ካለው መስኮት ብቻ ነው።

እናንተም ጀበናና ሲኒ ካላችሁ ስልካችሁን አውጡና አብረን እንሥራ። መጀመሪያ ጀበናውን ብቻ አንሱ። ጠጋ በሉ፣ ስክሪኑን ይሙላው። ከዚያ ሲኒውን ነጭ ጨርቅ ላይ አስቀምጡና እንደዚሁ ጠጋ ብላችሁ አንሱት። አሁን ሁለቱን ፎቶዎች አስተያዩአቸው።

[ምስል፦ ሁለቱ ፎቶዎች ጎን ለጎን።]

ጀበናው ነጣ ብሏል። ሲኒው ደግሞ አመድ መስሏል። አዳዲስ ስልኮች ይሄን በመጠኑ ያስተካክላሉ፤ ግን ልብ ብላችሁ ካያችሁ ዝንባሌው አለ። ሁለቱም ወደ ግራጫ እየተጠጉ ነው።

ስልካችሁ አልተበላሸም። ካሜራ ውስጥ ያለው መለኪያ የሚለካው ከዕቃው ተንፀባርቆ የሚመጣውን ብርሃን ነው። ትንሽ ብርሃን ሲመጣለት ዕቃው ጥቁር ስለሆነ ይሁን ክፍሉ ስለጨለመ አያውቅም። ስለዚህ ይገምታል። ግምቱም ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው፤ ከፊቴ ያለው ነገር በአማካይ መካከለኛ ግራጫ ነው ብሎ ይነሳል። በፎቶ ሰዎች ዘንድ ይህ ግራጫ የታወቀ ነው። ካረፈበት ብርሃን 18 በመቶውን የሚመልስ ግራጫ ነው። ጀበናውን ወደዚያ ይጎትተዋል፣ ሲኒውንም ወደዚያ ይገፋዋል።

ጀበናው ጥቁር መሆኑን የምታውቁት እናንተ ናችሁ። ስለዚህ ለካሜራው ንገሩት። ስልክ ላይ ጀበናውን ነካ አድርጉ፤ ትንሽ የፀሐይ ምልክት ትመጣለች። ወደታች ሳቧት። ጀበናው ጥቁርነቱ ሲመለስለት ታያላችሁ። ሲኒው ላይ ደግሞ ወደላይ። ካሜራ ያላችሁ የመደመርና የመቀነስ ምልክት ያለበትን ቁልፍ ፈልጉ፤ ሥራው ያው ነው። ለጥቁር ቀንሱ፣ ለነጭ ጨምሩ። መጀመሪያ ላይ ግራ ያጋባል፤ ሰው ሁሉ ተቃራኒውን ነው የሚያስበው።

[ምስል፦ የተስተካከሉት ሁለት ፎቶዎች።]

አሁን ያደረግነው ነገር ቶን መምረጥ ይባላል። ቶን ማለት አንድ ነገር ከድፍን ጥቁር እስከ ድፍን ነጭ ባለው መንገድ ላይ የያዘው ቦታ ነው። ቀለም ሌላ ነገር ነው። ቀይ ቲማቲምና አረንጓዴ ቃሪያ አንድ ሳህን ላይ አድርጋችሁ አንሱና ፎቶውን ወደ ጥቁርና ነጭ ቀይሩት። በቀለም ሲታዩ የሚጣሉት ሁለቱ፣ ቀለሙ ሲነሳ አንድ ዓይነት ግራጫ ሊሆኑ ይችላሉ። ፎቶዬ ለምን ደነዘዘ የሚል ሰው ብዙ ጊዜ ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ቀለም አለው፣ ቶን የለውም።

አሜሪካዊው ፎቶ አንሺ አንሰል አዳምስ ከባልደረባው ከፍሬድ አርቸር ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1939 እና በ1940 አካባቢ ሎስ አንጀለስ ሲያስተምሩ ይሄን መንገድ በ11 ደረጃ ከፋፈሉት። ከዜሮ እስከ አሥር። ዜሮ ድፍን ጥቁር፣ አሥር ድፍን ነጭ፣ አምስት ያ ግራጫ። ከአንዱ ደረጃ ወደ ቀጣዩ ስንወጣ ብርሃኑ እጥፍ ይሆናል። ሦስተኛው ላይ ያለ ጥላ ጥቁር ነው፤ ሆኖም ውስጡ ያለው ነገር ይታያል። የጨርቅ ሽብሽብ፣ የእንጨት ጭረት። እኔ ከሁሉም የምወደው ይሄን ደረጃ ነው። ጨለማ ነው፣ ግን ባዶ አይደለም።

[ምስል፦ ጀበናው በቅርበት። ካሜራው ቀስ ብሎ ከብርሃኑ ወገን ወደ ጥላው ወገን ይዞራል።]

ወደ ጀበናው እንመለስና ጠጋ ብለን እንየው። በመስኮቱ በኩል ሆዱ ላይ አንዲት ቀጭን የምታበራ መስመር አለች። መስኮቱ ራሱ ነው፣ ጀበናው ላይ ታይቶ። ከእሷ ቀጥሎ የሸክላው ትክክለኛ መልክ ይመጣል። ከዚያ እየጠቆረ ይሄዳል። አሁን መጨረሻውን፣ ጫፉን እዩ። እዚያ ጋ ጥላው እንደገና ፈካ ይላል። ይሄ ከሲኒው የመጣ ነው። ነጩ ሲኒ ከመስኮቱ የተቀበለውን ብርሃን ለጀበናው ጀርባ እያካፈለው ነው። ሲኒውን ላንሳው።

[ምስል፦ እጅ ሲኒውን ያነሳል። የጀበናው ጫፍ ከጀርባው ጨለማ ጋር ይዋሃዳል።]

አያችሁ? ጫፉ ጠፋ። ጀበናው ክብ መሆኑን የነገረን ያ ትንሽ ብርሃን ነበር። ስቱዲዮ ውስጥ በሪፍሌክተር የሚሠሩት ይሄንኑ ነው። ቤት ውስጥ ነጭ ወረቀት፣ ነጠላ፣ የተቀባ ግድግዳ ይበቃል።

አሁን ወደ ሰው እንሂድ። በእውነቱ ይሄን ቪዲዮ እንድሠራ ያደረገኝ የአክስቴ ፎቶ ነው።

የዛሬ ጥቂት ዓመት፣ በፋሲካ፣ ነጭ የሀበሻ ቀሚስ ለብሳ፣ ነጠላዋን አጣፍታ ቡና ስታፈላ አነሳኋት። ከኋላዋ ክፍት በር ነበር። መጀመሪያ ያነሳሁት ፎቶ ላይ ካሜራው ነጩን ሁሉ አየና ብርሃኑን ቀነሰ። ፊቷ ጠፋ፤ ዓይኗ እንኳ አይለይም። ስለዚህ ፍላሽ አበራሁ። ሁለተኛው ባሰ። ፊቷ አመድ የተነሰነሰበት መሰለ፣ ግንባሯ አበራ፣ ነጠላው ከብርሃን ብዛት ተቃጥሎ ጥለቱ ራሱ አልታይ አለ። ፎቶውን ሳሳያት ዝም ብላ ቆየችና፣ «ልጄ፣ ይቺ ደግሞ ማን ናት?» አለችኝ። ያ ቃል እስካሁን አልወጣልኝም።

ጥፋቱ የእኔ ነበር። ግን ጉዳዩ ሰፋ ያለ ታሪክም አለው። የቀለም ፊልም ሲሠራ ጠቆር ያለ ቆዳ ዋና ጉዳይ ሆኖ አልታሰበም። ኮዳክ ለፎቶ ማተሚያ ቤቶች ቀለም ማስተካከያ እንዲሆን የሚልከው ካርድ ነበረው። «ሸርሊ ካርድ» ይባላል። እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹ ጀምሮ ለብዙ ዓመታት ካርዱ ላይ የምትታየው ነጭ ሴት ነበረች። የእሷ ቆዳ ካማረ ማሽኑ ልክ ነው ይባላል። ጥቁርና ነጭ ልጆች አብረው የተነሱት የትምህርት ቤት ፎቶ ላይ የአንዱ ፊት በደንብ ሲታይ የሌላው ዓይንና ጥርስ ብቻ ይቀራል። ፊልሙ ቡናማን በደንብ እንዲይዝ ግፊት ካደረጉት መካከል የቸኮሌትና የእንጨት ዕቃ አምራቾች ይገኙበታል፤ ማስታወቂያቸው ላይ የቸኮሌቱና የእንጨቱ ዓይነት አልለይ ብሏቸው ነበር። የተለያየ የቆዳ ቀለም ያላቸው ሰዎች የታዩበት የኮዳክ ካርድ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ነው። ስልክ ላይ ደግሞ ጎግል «ሪል ቶን» ያለውን ማስተካከያ ፒክስል 6 ላይ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ2021 ነው። ቅርብ ጊዜ ነው።

በዚህ ሁሉ መካከል ግን መንገዱን በራሳቸው ያገኙ ሰዎች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1919 ኒው ዮርክ፣ ሃርለም የተወለደው ፎቶ አንሺ ሮይ ዴካራቫ አንዱ ነው። ፍላሽ አይወድም ነበር። የሚያነሳው ባለው ብርሃን ነው፤ የመተላለፊያ አምፖል፣ የመንገድ መብራት፣ የጃዝ ቤት ጭላንጭል። ፎቶዎቹን ሲያትም ነጭ እንዲጮህ አይፈቅድም። አብዛኛው ጥቁርና ጥቁር ግራጫ ነው። መጀመሪያ ስታዩት የጨለመ ይመስላችኋል። ዓይናችሁ ሲለምድ ግን ሰዎቹ ቀስ እያሉ ይወጣሉ። ሌሊት ከደማቅ ክፍል ወደ ግቢ ስትወጡ እንደሚሆነው።

[ምስል፦ ሴት ፊት በሦስት ብርሃን፦ ከፊት፣ ከጎን፣ ከጎንና ከኋላ መካከል።]

ስለ እኛ ቆዳ አንድ ነገር ልበል። ጠቆር ያለ ፊት ቅርጹን የሚያሳየው በአብዛኛው በሚያንፀባርቀው ነው፤ እንደ ጀበናው። ጉንጭ ላይ፣ አፍንጫ ላይ፣ አገጭ ላይ የምታርፍ ለስላሳ የብርሃን መስመር። ስለዚህ ብዙ ብርሃን ከፊት መርጨት አያስፈልግም። ሰፊ ብርሃን ከጎን ያስፈልጋል። ትንሽ ቫዝሊን ወይም ቅባት የተቀባ ፊት በመስኮት ብርሃን ከደረቀ ፊት ይልቅ ያምራል፤ ፓውደር ግን ብዙ ጊዜ ያንን መስመር ያጠፋዋል። አክስቴን ያበላሸኋት ፊቷ ጥቁር ስለነበረ አይደለም። ብርሃኑን ከኋላዋ ትቼ፣ ቀጥሎ ደግሞ ከግንባሯ ፊት ለፊት ስለተኮስኩባት ነው።

ነጠላውስ? ጥቁር ፊትና ነጭ ነጠላ አንድ ዓይነት ብርሃን ውስጥ እስካሉ ድረስ የዛሬ ካሜራ ሁለቱንም ይይዛቸዋል። ችግር የሚመጣው ነጠላው ፀሐይ ላይ፣ ፊት ደግሞ በነጠላው ጥላ ሥር ሲሆን ነው። ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ በእኩለ ቀን የተነሱ ፎቶዎች ሁሉ እንደዚህ ናቸው። ያኔ ሰውየውን ወደ ዛፍ ጥላ አምጡት፣ ወይም አዙሩት። ከተቃጠለ ነጭ ውስጥ ጥለት መልሶ ማውጣት አይቻልም። ከጥቁር ውስጥ ግን መጠነኛ ነገር ማውጣት ይቻላል። ስለዚህ እኔ ነጩን ጠብቄ፣ ፊቱን በኋላ ኤዲት ውስጥ በእጄ አፈካዋለሁ።

ከፀሐይ ጋር ያለን ነገር ትንሽ ከባድ ነው። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ናት። በዓመት ሁለቴ፣ በሚያዝያ መጀመሪያና በነሐሴ መጨረሻ አካባቢ፣ ፀሐይ እኩለ ቀን ላይ ልክ አናት ላይ ትቆማለች። ከተማዋ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነች አየሩ ስስ ነው፤ ፀሐይዋ ትጠነክራለች፣ ጥላውም ይጠቁራል። በ6 ሰዓት የተነሳ ሰው ዓይኑ ሁለት ጉድጓድ ነው። ከጠዋቱ 1 እስከ 3 ሰዓት፣ ከሰዓት ደግሞ ከ10 እስከ 12 ሰዓት ሥሩ። ምሽቱም አይጠብቃችሁም። ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆንን ፀሐይ ስትጠልቅ ቀጥ ብላ ነው የምትወርደው። ዕቃችሁን አስቀድማችሁ አዘጋጁ።

ክረምትን ደግሞ ሰዎች ብርሃን የለም ይሉታል። እኔ አልስማማም። ደመና የሸፈነው ሰማይ ሙሉ በሙሉ አንድ ትልቅ መብራት ሆኗል ማለት ነው። የብርሃን ምንጩ ሲሰፋ ጥላ ይለሰልሳል፤ ሲጠብ ጥላ ይሰላል። ፀሐይ ግዙፍ ብትሆንም ከሩቅ ስለምናያት ጠባብ ነች። የሐምሌ ደመና ግን ከአድማስ እስከ አድማስ ነው። በረንዳ ላይ፣ ከቆርቆሮው ክዳን ጫፍ ሥር የቆመ ሰው አንሱ። ከላይ ክዳኑ ያጠላል፣ ብርሃኑ ከጎን ይገባል።

ጥላ ሰዓትም ይናገራል። ፈረንሳዊው ኒሴፎር ኒየፕስ እ.ኤ.አ. በ1826 ወይም በ1827 ከመስኮቱ ያነሳው፣ እስከ ዛሬ ከቆዩት ሁሉ ቀዳሚ የሆነው የካሜራ ፎቶ ላይ ግን ከጥላው ሰዓት ማንበብ አይቻልም። ለመነሳት በጣም ረጅም ሰዓት ስለፈጀ ፀሐይዋ ከአንዱ ወገን ወደ ሌላው ዞራ የሕንፃዎቹን ግራና ቀኝ አብርታለች።

[ምስል፦ ጀበናው እንደገና። ቡና ተቀድቶ ከሲኒው እንፋሎት ይወጣል። ከኋላ ጥቁር መጋረጃ።]

እንፋሎት ማንሳት ለምትፈልጉ፦ ከኋላ ጥቁር ነገር ይሁን፣ ብርሃኑ ደግሞ ከኋላ በጎን ይግባ። ነጭ ግድግዳ ፊት ለፊት እንፋሎቱ አለ፣ ግን አይታይም። ለዕጣን ጢስም ያው ነው።

ከመስኮት ምን ያህል ልራቅ ለሚል፦ ከአምፖል ርቀታችሁ እጥፍ ሲሆን ብርሃኑ ሩብ ይሆናል። መስኮት ሰፊ ስለሆነ ቅነሳው ልክ እንደዚያ አይሆንም፣ አካሄዱ ግን ተመሳሳይ ነው። መስኮቱ ሥር የተቀመጠ ሰው ሲደምቅ ከኋላው ያለው ግድግዳ በራሱ ይጨልማል። መጋረጃ መግዛት አያስፈልግም።

ከስልክ ላይ አንድ ቅሬታ አለኝ። ብዙ ፎቶ በአንድ ጊዜ አንስቶ ያዋህድና ጥላን ሁሉ ያፈካል። ፀሐይ ላይ ጠቃሚ ነው። መስኮት አጠገብ ግን የደከማችሁበትን ጨለማ ያፈርሰዋል። አንስታችሁ ስትጨርሱ ኤዲት ውስጥ ግቡና ጥላውን መልሳችሁ አውርዱት።

ባለፈው ወር አክስቴን እንደገና ለመንኳት። በሩን ዘጋሁ፣ መብራቱን አጠፋሁ። መስኮቱ በቀኟ እንዲሆን በርጩማዋን ትንሽ አዞርኩት። ግራ ጉንጯ ከጥላው እንዲወጣ ነጭ ፎጣ ወንበር ላይ ሰቀልኩ። ፊቷን ነካ አድርጌ ፀሐይዋን ወደታች ሳብኳት፤ የነጠላው ጥለት እስኪታይ ድረስ ብቻ። «ጨለማ ውስጥ ነው የምታነሳኝ?» አለች። ጀበናውን ስታጋድል የማንሻውን ቁልፍ ነካሁ።

[ምስል፦ የአክስት ፎቶ። ድምፅ የለም፤ ለአሥር ሰከንድ ይቆያል።]

ስልኩን ተቀብላኝ በጣቷ አጎላችው። የጥለቱን ሰማያዊ አየች፣ የጉንጯን መስመር አየች፣ እጇን አየች። ከዚያ ለእህቷ ላክላት አለችኝ።