ኔፕቲዩን ምን ዓይነት ሰማያዊ ነው?

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ እንግዳ የለኝም። የማወራችሁ ከልጆቼ ጋር ስለቀባናቸው ፕላኔቶች ነው።

ዕቃውን ታውቁት ይሆናል። በካርቶን የሚመጣ የስርዓተ ፀሐይ መሥሪያ ነው። ውስጡ ነጫጭ የፎም ኳሶች፣ ትንንሽ ቀለሞች፣ ብሩሽ፣ ክርና ዘንግ አለው። ኳሶቹን ቀብቶ በየተራቸው መስቀል ነው፣ በቃ። ካርቶኑ ላይ ያለቀለት ሥራ ፎቶ አለ። እኔ ታዲያ ሥራ ሳንጀምር ካርቶኑን ከጠረጴዛው ላይ አነሳሁት። ፎቶው ፊታቸው ካለ ልጆች ፎቶውን ይገለብጣሉ። ከሌለ ይጠይቃሉ። እኔ ደግሞ ከዚህ ሥራ የምፈልገው ጥያቄውን ነው።

ጥያቄውም አልዘገየም። ትንሹ ልጄ ብሩሹን ደማቅ ሰማያዊ ውስጥ ነክሮ ቀና አለና፣ «እማዬ፣ ኔፕቲዩን እንዲህ መሆኑን ማን አየ?» አለኝ።

እስቲ አስቡት፤ ማን አየ? ኔፕቲዩን በባዶ ዓይን አይታይም። በቴሌስኮፕ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1846 ነው። አጠገቡ ደርሳ ያለፈች መንኮራኩር ደግሞ እስካሁን አንዲት ብቻ ናት፤ ቮዬጀር 2። እ.ኤ.አ. በኦገስት 1989 ስታልፍ ፎቶ አንስታ ላከች። ያ ሁላችንም የምናውቀው ጥልቅ ሰማያዊ ከዚያ የመጣ ነው። ግን ፎቶዎቹ ሲዘጋጁ ደመናው ጎልቶ እንዲወጣ ተብሎ ቀለማቸው እንዲጠነክር ተደርጓል። ሳይንቲስቶቹ ይህን በጊዜው ተናግረዋል። ዓመታት ሲያልፉ ማብራሪያው ተረሳና ፎቶው ብቻ ቀረ። እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የሚመራ ቡድን መረጃውን እንደገና አስተካክሎ አሳየ። ኔፕቲዩን እንደ ዩራነስ ፈዘዝ ያለ፣ ወደ አረንጓዴ የሚያደላ ሰማያዊ ነው። ከዩራነስ የሚለየው በጥቂቱ ሰማያዊነቱ በርታ በማለቱ ነው።

ይህን ለልጆቼ ነገርኳቸው። ትልቋ ዩራነስን ቀብታ ጨርሳ ነበር። ኳሷን አንስታ ከወንድሟ ኳስ ጎን ያዘችና፣ «እንግዲያው ነጭ ጨምርበት» አለችው። እሱ ወዲያው እሺ አላለም። ያንን ሰማያዊ ወዶታል። ትንሽ አሰበና የቀለሙን ክዳን ገለበጠ። ክዳኑ ላይ ነጭ ጠብ አደረገ። በስቴኪኒ ጫፍ ሰማያዊ ጨመረ። ከዚያ አረንጓዴ፣ በጣም ትንሽ። አማሰለ። አየው። እንደገና ነጭ። የእህቱን ኳስ ጠጋ አድርጎ አስተያየና ሰማያዊውን በድጋሚ በስቴኪኒ ነካ አደረገ። አጠገቡ ተቀምጬ ዝም አልኩ። የዚያን ቀን ያደረግሁት ጥሩ ነገር ቢኖር እሱ ነው። አንድ ልጅ ሁለት ሰማያዊዎችን ለመለየት እንደዚያ ሲጨነቅ ማየት እንዴት ደስ እንደሚል ልነግራችሁ አልችልም።

ለምን ሰማያዊ እንደሆኑም ጠየቀኝ። ሁለቱም ፕላኔቶች ከባቢ አየር ውስጥ ሚቴን የሚባል ጋዝ አለ። ቀዩን ብርሃን ይውጠዋል። ተንጸባርቆ ወደኛ የሚመጣው ሌላው ነው።

ከዚያ በኋላ «ማን አየ?» የሚለው ነገር ለቀሩት ኳሶች ሁሉ መጠየቂያ ሆነ። ማርስ ቀላል ነበር። አፈሩ ውስጥ ያለው ብረት ዝጓል፤ የዛገ ምስማር ፈልገን አጠገቡ አስቀመጥንና ቀለሙን ከሱ አመሳሰልን። ቬነስ ግን አከራከረችን። ከውጭ ሲያዩዋት ነጣ ያለ ቢጫ ናት፤ የሚታየው ደመናዋ ነው፣ ደመናውም የሰልፈሪክ አሲድ ነው። ከሥሩ ያለው መሬት 465 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይሞቃል። እዚያ ወርዳ መጀመሪያ ባለቀለም ፎቶ የላከችው የሶቪየት ኅብረቷ መንኮራኩር ቬኔራ 13 ናት፣ እ.ኤ.አ. በ1982። ፎቶው ላይ ሁሉም ነገር ብርቱካናማ ነው፤ ወፍራሙ አየር ሰማያዊውን ብርሃን ስለሚያስቀረው። ትልቋ ልጄ «ታዲያ የምንቀባው ደመናውን ነው መሬቱን?» አለች። ራሷ ወሰነች። ደመናውን ቀባች፤ ከታች በኩል ግን ሳንቲም የምታክል ቦታ ብርቱካናማ አድርጋ ተወች። እንደ መስኮት መሆኑ ነው። የትኛውም ካርቶን ላይ እንዲህ ያለ ቬነስ አላየሁም። ለእኔ ከሁሉም የበለጠው ኳስ እሱ ነው።

ፀሐይን ቢጫ ቀቧት። ከጠፈር ስትታይ ነጭ ናት፤ ቢጫ የምትመስለን የኛ አየር ከብርሃኗ ሰማያዊውን ስለሚበትነው ነው። ነገርኳቸው። ሰሙኝ። ቢጫውን መረጡ። እኔም አልተጫንኳቸውም። ከዚህ ሆነን የምናያትን ነው የቀቡት፣ ያም ልክ ነው።

እዚህ ላይ ወላጆች የሆናችሁ አንድ ነገር ልብ በሉ። ልጁ ከተኛ በኋላ ኳሱን አንስታችሁ አታስተካክሉ። የጁፒተር መስመር ይጣመም። ከነካችሁት ጠዋት ይታወቀዋል፣ ዳግም ብሩሽ ማንሳት ያስጠላዋል።

ስለ ሥራው ራሱ ትንሽ ልበል። ፎም ላይ ስፕሬይ ቀለም አትጠቀሙ፤ ውስጡ ያለው ማሟሚያ ፎሙን ይበላዋል። አንዳንድ ጠንካራ ማጣበቂያም እንደዚያው ነው። በውሃ የሚቀጥን አክሪሊክ ይበቃል። የመጀመሪያውን ቀለም ፎሙ ይመጠዋል፣ ነጠብጣብ ሆኖ ይቀራል። ልጆች እዚህ ላይ ተስፋ ይቆርጣሉ። ስስ አድርጋችሁ ቀቡ፣ ይድረቅ፣ ከዚያ ድገሙት። ኳሱን ስቴኪኒ ላይ ሰክታችሁ ያዙት፣ ስትጨርሱ ስቴኪኒውን ትርፍ ፎም ላይ ትከሉት። ለጁፒተር ብሩሽ ተዉና ስፖንጅ ቁራጭ ያዙ። ክሬም ቀለሙ ሳይደርቅ ቡኒውን በስፖንጅ ጎትቱ፣ ኳሱን እያዞራችሁ። ጠርዙ እርስ በርሱ ይቀላቀላል፣ ደመናውም እንደዚያ ነው። ቀዩ ነጥብ ከወገቡ በታች ነው የሚሆነው። ከመሬት የሚሰፋ አውሎ ነፋስ ነው፣ ከአንድ መቶ ሃምሳ ዓመት በላይ ሲታይ የኖረ። ዩራነስን ስትሰቅሉ በጎኑ አስተኙት፤ 98 ዲግሪ ያዘነበለ ነው።

አሁን ወደ ርቀቱ። ዘንግ ላይ ተሰልፈው ሲንጠለጠሉ ያምራሉ፣ እውነት ነው። ግን ፀሐይና ኔፕቲዩን በአንድ ክንድ ርቀት መሆናቸው ልጅ አእምሮ ውስጥ ይቀራል። ስለዚህ ሌላ ነገር አደረግን። መሬት 1 ሴንቲ ሜትር የምትሰፋ ኳስ ብትሆን ብለን ጀመርን። ፀሐይ 109 ሴንቲ ሜትር ትሆናለች። ወረቀት አገጣጥመን ክቡን ቆረጥንና ውጭ ግድግዳ ላይ ለጠፍነው። ከዚያ ትልቋ ትንሿን ኳስ በእጇ ይዛ 117 ሜትር ያህል ራቀች። መሬት ያለችው እዚያ ነው። ጨረቃ ከኳሷ 30 ሴንቲ ሜትር ትርቃለች፣ ስፋቷ ሦስት ሚሊ ሜትር አይሞላም። በብዙ ካርቶን ውስጥ ግን ጨረቃ ከመሬት ጋር ልትነካካ ምንም አይቀራት።

ልጄ እዚያ ቆማ ክንዷን ዘረጋችና አውራ ጣቷን ወደ ወረቀቱ ፀሐይ ያዘች። ሙሉ በሙሉ ሸፈነችው። ከዚያ ርቀት ያ ወረቀት እውነተኛዋ ፀሐይ ሰማይ ላይ የምታህለውን ያህል ነው የሚታየው። የሁለቱም ርቀት ከስፋታቸው ጋር ሲነጻጸር እኩል እጥፍ ስለሆነ ነው። እውነተኛዋን ፀሐይ ግን ማንም ቀና ብሎ በጣቱ እንዳይለካ፤ ዓይን ታጠፋለች። ይህን ደጋግሜ ነግሬያቸዋለሁ፣ ለናንተም እነግራችኋለሁ።

«ኔፕቲዩንስ?» አለ ትንሹ። ሦስት ኪሎ ሜትር ተኩል። እንሂድ አለ። የሄድነው ሌላ ቀን ነው፤ ኳሱን ኪሱ ከቶ፣ በእግራችን። መንገድ ላይ ስንት ጊዜ ቆሞ ወደ ኋላ እየዞረ «አሁን የት ደረስን? ሳተርን ጋ?» እንዳለኝ። ሳተርን አንድ ኪሎ ሜትር ከመቶ ሜትር ገደማ ላይ ነበር። ከዚያ በኋላ ያለው መንገድ ረዘመበት። እኔም አላሳጠርኩለትም።

አሁን ፕሉቶን ይፈልጋል። ካርቶኑ ውስጥ የለም፤ እ.ኤ.አ. በ2006 ከፕላኔቶቹ ዝርዝር ወጥቷል። እሱ ግን ኒው ሆራይዝንስ የምትባለዋ መንኮራኩር እ.ኤ.አ. በ2015 ያነሳችውን ፎቶ አይቷል። ልብ የሚመስለውን ነጣ ያለ ሜዳ። ቡኒውንና ክሬሙን ክዳን ላይ ቀላቅሎ ጨርሷል። ከጨረቃችን የሚያንስ ኳስ እየፈለግን ነው።

በሚቀጥለው ክፍል እንገናኝ። ደህና ሁኑ።