ጥያቄው ከእርግዝና በፊት ይቅደም

የተከበራችሁ የፋርማሲ ባለሙያዎች፣ ነርሶች፣ አዋላጆችና የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች፤

የፅንሱ አንጎልና ህብለ ሰረሰር የሚሠሩበት ቱቦ የሚዘጋው በተፀነሰ በ28 ቀን ውስጥ ነው። ያን ጊዜ የእናቲቱ የወር አበባ ከቀረ ገና ሁለት ሳምንት ቢሆነው ነው፤ ብዙዎቹ መፀነሳቸውን አያውቁም። ለቅድመ ወሊድ ክትትል ስትመጣ ቱቦው ወይ ተዘግቷል፣ ወይ ክፍት ቀርቷል። ስለዚህ መድኃኒት ስንሰጥ «እርጉዝ ነሽ?» ማለት ብቻ አይበቃም። «እህቴ፣ የመውለድ ሐሳብ አለሽ? እስከዚያ መከላከያ ትወስጃለሽ?» ብለን እንጠይቅ።

ይህ ጥያቄ ከሁሉም በላይ የሚያስፈልገው ሶዲየም ቫልፕሮኤት ስንሰጥ ነው። ለሚጥል በሽታም ለስሜት መዋዠቅ ሕመምም ይታዘዛል። በማንኛውም እርግዝና ከ100 ሕፃናት 2 ወይም 3 የሚሆኑት ከባድ የአካል ጉድለት ይዘው ይወለዳሉ፤ እናታቸው ቫልፕሮኤት ስትወስድ ግን ቁጥሩ ወደ 10 ይደርሳል። የአከርካሪ ክፍተት፣ የልብ ቀዳዳ፣ የላንቃ መሰንጠቅ ይታያል። ከ100ው ከ30 እስከ 40 የሚሆኑት ደግሞ በንግግር፣ በትምህርትና በባሕርይ እድገታቸው ይቸገራሉ፤ ይህኛው በውልደት ዕለት ስለማይታይ ከመድኃኒቱ ጋር የሚያያይዘው ሰው ጥቂት ነው። መጠኑ ሲጨምር ጉዳቱ ይጨምራል፤ ከጉዳት ነፃ የሆነ መጠን ግን አልተገኘም።

መፍትሔው መድኃኒቱን በድንገት ማስጣል አይደለም። ያን ያደረገች ሴት የማያቋርጥ መንቀጥቀጥ ሊይዛትና እሷም ፅንሷም ሊሞቱ ይችላሉ። ለውጡን ሐኪም ይምራው፤ ከእርግዝና በፊትም ይጠናቀቅ። ለሚጥል በሽታ ላሞትሪጂን ወይም ሌቬቲራሴታም የሚባሉት መድኃኒቶች ከተገኙ የተሻሉ ናቸው። ላሞትሪጂን ቫልፕሮኤት ገና እየተወሰደ ሲጀመር 25 ሚሊግራም አንድ ቀን እየዘለሉ ለሁለት ሳምንት፣ ከዚያ በየቀኑ 25 ሚሊግራም ለሁለት ሳምንት ይሰጣል። ቫልፕሮኤት ላሞትሪጂንን በደም ውስጥ ስለሚያከማቸው፣ ከተቻኮልን ቆዳን የሚልጥ አደገኛ ሽፍታ ያመጣል። ቅያሪው ወራት ይፈጃል፤ እስኪያልቅ አስተማማኝ መከላከያ የግድ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚሳት ነገር አለ። ሌሎቹ የሚጥል በሽታ መድኃኒቶች ፌኖባርቢታል፣ ፌኒቶይንና ካርባማዜፒን ጉበት የእርግዝና መከላከያ ሆርሞንን ቶሎ እንዲሰባብር ያደርጋሉ። በክንድ የሚቀበረውም፣ የሚዋጠውም መከላከያ በእነሱ ምክንያት ሊከሽፍ ይችላል። በማህፀን የሚቀመጠው ሉፕ ወይም የሦስት ወሩ መርፌ ይሻላል። የቤተሰብ ምጣኔ ክፍሉና የሚጥል በሽታ ክትትሉ በአንድ ግቢ ውስጥ ሆነው ሳይነጋገሩ መቅረታቸው ያሳዝነናል።

ፎሊክ አሲድ ለመውለድ ላሰበች ሁሉ በቀን 0.4 ሚሊግራም ነው። የሚጥል በሽታ መድኃኒት ለምትወስድ ወይም ቀደም ሲል የአከርካሪ ክፍተት ያለበት ልጅ ለወለደች 5 ሚሊግራም፣ ቢቻል ከመፀነሷ ሦስት ወር በፊት ጀምሮ እስከ 12ኛው የእርግዝና ሳምንት። በክትትል የሚሰጠው የብረትና ፎሊክ አሲድ እንክብል ለደም ማነስ ይጠቅማል፤ የፅንሱ ቱቦ እንዲዘጋ ለመርዳት ግን ዘግይቷል። የቫልፕሮኤትን ጉዳትም ፎሊክ አሲድ ያስቀራል ብላችሁ አታጽናኑ።

ሌሎቹን በአጭሩ፦ የደም ግፊት መድኃኒቱ ኢናላፕሪል የፅንሱን ኩላሊት ይጎዳል፣ የሽርት ውሃውን ያደርቃል፤ በሜቲልዶፓ ወይም በኒፌዲፒን ይተካል። ደም እንዳይረጋ የሚሰጠው ዋርፋሪን ከ6ኛው እስከ 12ኛው ሳምንት የአፍንጫንና የአጥንትን ዕድገት ያበላሻል፤ ሰው ሠራሽ የልብ ቫልቭ ላላት ሴት ግን ያለ ምትክ ማቆሙ ቫልቩን በረጋ ደም ይዘጋዋልና ከልብ ሐኪሟ ጋር አስቀድማ ትምከር። ለብጉር የሚሰጠው አይሶትሬቲኖይን ካለቀም በኋላ ለመፀነስ አንድ ወር መጠበቅ ያሻል። የሕመም ማስታገሻዎቹ ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ከ20ኛው ሳምንት በኋላ ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይሰጡ።

ቫልፕሮኤት እየወሰደች ያረገዘች ሴት ከመጣች፣ እንዳታቋርጥ ንገሯት፤ በዚያው ቀን ወደ ሐኪም ላኳት፤ ከ18 እስከ 20 ሳምንት ባለው ጊዜ የፅንሱን አከርካሪና ልብ የሚያሳይ አልትራሳውንድ እንዲታዘዝላት በሪፈር ወረቀቱ ላይ ጻፉ፤ የምትወስደውን መጠንም በሚሊግራም አስፍሩ።