በሚኒባሱና በቦዩ መሃል፦ የሞተረኞች ጥያቄና መልስ

ያለፈው ቅዳሜ ፕሮግራማችን ስለ ሞተረኞች ነበር። ስልኩ አላረፈም። ከደወሉት ግማሾቹ ሞተረኞች ናቸው፤ ግማሾቹ ደግሞ ሞተረኛ ያማረራቸው። አየር ላይ የመለስኳቸውንም፣ ሰዓት አልቆ ያልደረስኩባቸውንም እዚህ ጽፌያለሁ። እኔ ራሴ ሃያ ዓመት ገደማ ሞተር ላይ ነኝ። አሁን የማሠለጥነውም ሞተረኞችን ነው። ወገንተኛ ነህ ብትሉኝ አልክድም። ዓመተ ምሕረቱ ላይ «እ.ኤ.አ.» ካላልኩ በኛ አቆጣጠር ነው።

«አንዱ ሞተረኛ ስልክ ቀማ ሲባል ሁላችንም እንታገዳለን። በ2011 ታገድን። አሁንም ትልቅ ስብሰባ በመጣ ቁጥር ሞተር እንዳይንቀሳቀስ ይባላል። የእለት እንጀራችን ነው። ምን እናድርግ?» (የዴሊቨሪ ሞተረኛ፣ ከጎሮ)

ወንድሜ፣ ላልሰሙት ላስታውስ። በ2011 ክረምት መግቢያ፣ ታከለ ኡማ ምክትል ከንቲባ በነበሩበት ጊዜ፣ የአዲስ አበባ አስተዳደር ለተወሰኑ ተቋማት ካልሆነ በቀር ሞተር በከተማው እንዳይንቀሳቀስ ከለከለ። ምክንያቱ በሞተር የሚፈጸም ቅሚያና ዝርፊያ ነበር። ምክንያቱ ውሸት አልነበረም። ከኋላ መጥተው ቦርሳ መንጭቀው የሚሄዱ ነበሩ፣ ታርጋቸውም አይታይም። ግን ልብ በል፣ የሌባው ሞተር መለያው ታርጋ አለመኖሩ ነው። የታገደው ደግሞ ታርጋም፣ ሊብሬም፣ መንጃ ፈቃድም ያለው ሰው ጭምር ነው። ሞተሮች ወደ መንገድ የተመለሱት በኋላ፣ በምዝገባና በፈቃድ ነው። መጀመሪያ ላይ ቢሆን ኖሮ ስንት ሰው ደሞዙን ባላጣ ነበር።

ምን እናድርግ ላልከው፣ እኔ የምመክረው ጥያቄውን ማጥበብ ነው። «አትከልክሉን» ምኞት ነው። ቢሮ ውስጥ ያለ ሰው አንገቱን ነቅንቆ ይሸኝሃል። «የተመዘገበ የዴሊቨሪ ሞተር በስብሰባው ቀን ከተዘጉት መንገዶች ውጭ ይሥራ፤ ክልከላውም ከሦስት ቀን በፊት ይነገረን» ግን እሺ ወይም እምቢ መባል ያለበት ጥያቄ ነው። የለንደን ሞተረኞችን ተመልከት። በአውቶቡስ መስመር እንሂድ ብለው ዓመታት ጠየቁ። ከተማዋ እ.ኤ.አ. በ2009 በዋና ዋና መንገዶቿ ላይ ለሙከራ ፈቀደች። ተለካ፣ ተጠና፣ እ.ኤ.አ. በ2012 ቋሚ ሆነ። አዲስ አበባ ላይም የአውቶቡስ መስመር የተሰመረባቸው መንገዶች አሉ። ሞክሩት፣ ለኩት፣ ከዚያ ወስኑ ማለት ማንንም አያስቆጣም።

«ሞተረኞች ከየት እንደሚመጡ አይታወቅም። ስፖኪዮ ሳይ የሉም፣ ስታጠፍ አሉ። ከዚያ ጥፋቱ የኔ ይሆናል። ፍትሕ ነው?» (የግል መኪና አሽከርካሪ፣ ከመገናኛ)

እውነትዎን ነው፣ አንዳንዱ ሞተረኛ እንደ ትንኝ ነው። ግን አንድ የቆየ ጥናት ልንገርዎ። ሃሪ ኸርት የሚባሉ የካሊፎርኒያ ተመራማሪ ከቡድናቸው ጋር ሎስ አንጀለስ ውስጥ 900 ያህል የሞተር አደጋዎችን ቦታው ድረስ እየሄዱ መርምረው ነበር። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ1981 ወጣ። መኪናና ሞተር ከተጋጩባቸው አደጋዎች ከሦስቱ በሁለቱ ቅድሚያ የነፈገው መኪናው ነው። የአሽከርካሪው ቃልም ተመሳሳይ ነው፦ «አላየሁትም»።

ሰዎቹ አልዋሹም። ዓይናችን መታጠፊያ ላይ የሚፈልገው መኪና የሚያክል ነገር ነው። ሞተር ጠባብ ስለሆነ ሩቅ ያለ፣ ቀስ ያለ ይመስላል። የፊት መስታወትዎ ዳር ያለው ቋሚ ብረትም አንድ ሞተረኛ ሙሉ በሙሉ ይደብቃል። አንገትዎን ትንሽ ወደፊት ሰበቅ አድርገው ድጋሚ ይዩ። ሁለት ሰከንድ ነው።

ወደ ሞተረኞቹ ልመለስ። በቆሙ ወይም በሚሄዱ መኪኖች መሃል ሾልኮ ማለፍን በተመለከተ እዚያው ካሊፎርኒያ፣ በርክሌይ ዩኒቨርሲቲ፣ እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ ጥናት አለ። የመኪኖቹ ፍጥነት በሰዓት ከ80 ኪሎ ሜትር ሳይበልጥ፣ አንተም ከነሱ ከ24 ኪሎ ሜትር በላይ ሳትፈጥን ካለፍክ አደጋው ያን ያህል የከፋ አይደለም። ከዚያ በላይ ሲሆን ጉዳቱ ይብሳል። ስለዚህ የቆመ ሰልፍ መሃል በ60 የምትበር ልጅ፣ አሽከርካሪው ባያይህ አይፈረድበትም። የሚኒባስ በር ደግሞ ሳይታሰብ ይከፈታል። ረዳቱ ስፖኪዮ የለውም።

«እዚህ ቨርጂኒያ በመኪኖች መሃል ማለፍ ይቻላል?» (ከአሌክሳንድርያ)

አይቻልም። ሜሪላንድም ዲሲም እንደዚያው። ካሊፎርኒያ ሕጋዊ ያደረገችው እ.ኤ.አ. ከ2017 መግቢያ ጀምሮ ነው፤ ያም ሞተረኞችና የመንገድ ፖሊሶች አብረው ተከራክረውበት የመጣ ሕግ ነው። የሎስ አንጀለስ ዘመድዎ ቪዲዮ አያታልልዎት።

«ልጄ ሞተር ገዛ። ሄልሜቱን ክንዱ ላይ አንጠልጥሎ ነው የሚሄደው። ስቆጣው ‹ትራፊክ ሳይ አደርገዋለሁ› ይለኛል።» (እናት፣ ከደብረ ብርሃን)

እናቴ፣ ክርኑን ለማዳን ከሆነ ጥሩ ቦታ አስቀምጦታል። ብዙ ጥናቶች አንድ ላይ ተደምረው ሲታዩ ሄልሜት የሞትን አደጋ በ42 ከመቶ፣ የጭንቅላት ጉዳትን በ69 ከመቶ ይቀንሳል። ይህን ቁጥር ይንገሩት። ካልሰማ ደግሞ እንዲህ ያድርጉ፦ ሄልሜቱን ይቀበሉትና ውስጡን ይዩ። ከጨርቁ ሥር ነጭ ፎም አለ። ቴሌቪዥን ሲገዛ ካርቶኑ ውስጥ እንደሚመጣው ዓይነት፣ ግን ጠጠር ያለ። ሥራውን የሚሠራው እሱ ነው። ሲመታ ይጨፈለቃል፣ ምቱንም ይበላል። አንዴ ከተጨፈለቀ ግን አይመለስም። ስለዚህ አንዴ የወደቀበትን ሄልሜት ለታናሽ ወንድሙ አያውርሰው። ፎም የሌለው፣ ፕላስቲክ ብቻ የሆነው፣ ባርኔጣ ነው። ግንባታ ሠራተኞች የሚያደርጉትም ለዚህ አልተሠራም። ስንት ተሳፋሪ ቢጫ የግንባታ ቆብ ደፍቶ አይቻለሁ!

ሌላው ማሰሪያው ነው። ያልታሰረ ሄልሜት ከሰውየው ቀድሞ ይበራል። አገጩ ሥር ሁለት ጣት ብቻ እስኪያስገባ ይጥበቅ። ከዚያ ከኋላ ይዘው ወደፊት ይግፉት። ከራሱ ላይ ከወጣ ሌላ ቁጥር ይግዛ።

በነገራችን ላይ አንድ አድማጭ ሄልሜት ግዴታ መሆኑ ነፃነትን ይነካል ብሎ ተከራክሮኛል። ክርክሩ አዲስ አይደለም። ብሪታንያ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1973 ሄልሜት ግዴታ ሲሆን ፍሬድ ሂል የሚባሉ ሽማግሌ አላደርግም አሉ። ቅጣቱንም አልከፍልም ብለው እስር ቤት ተመላለሱ። እ.ኤ.አ. በ1984 በ74 ዓመታቸው እዚያው እስር ላይ እያሉ ሞቱ። ጽናታቸውን አከብራለሁ። ጉልበታቸውን ግን ለሌላ ጥያቄ ቢያውሉት ኖሮ እላለሁ። የአገሪቱ ሞተረኞች ማኅበርም ሕጉ በወጣበት ዓመት ይህንኑ ሕግ ተቃውሞ ነው የተወለደው። በኋላ ግን ስለ መንገድም ማውራት ጀመረ። ወደዚያ ልሂድ።

«እኔን የጣለኝ መኪና አይደለም፣ መንገድ ነው። መንገድ ይከሰሳል?» (ከባሕር ዳር)

ይህን ጥያቄ ወድጄዋለሁ፣ ምክንያቱም እኔንም ጥሎኛል።

2009 ክረምት ነው። ከሥራ ስመለስ መሽቷል። ዝናቡ አባርቷል፣ አስፋልቱ ላይ ውሃ ተኝቷል። ውሃ ነው ብዬ ገባሁ። ክዳኑ የተወሰደ የፍሳሽ ጉድጓድ ነበር። የፊት ጎማዬ እዚያው ቀረ፣ እኔ ጉዞዬን ቀጠልኩ። ሰው ከቦኝ ሳለ አንዱ «እናንተ ሞተረኞች፣ ስትበሩ!» አለ። በ20 ነበር የምሄደው። በነጋታው እያነከስኩ ወደሚመለከተው መሥሪያ ቤት ሄድኩ። «ፎቶ አለህ?» አሉኝ። የለኝም። ተመልሼ ስሄድ ጉድጓዱ ላይ የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ተሰክቶበታል። የሠፈሩ ልጆች ናቸው። እስከ መስቀል ድረስ ምልክቱም ጥገናውም ያ ቅርንጫፍ ነበር።

መኪና በአራት ጎማ እንዲህ ያለውን ዘሎት ያልፋል። ጥንካሬ አይደለም፣ ጎማ ስለተረፈው ነው። ለኛ የዜብራ ቀለም ራሱ ዝናብ ሲነካው ሳሙና ነው። ኮብልስቶንም እንደዚያው። ከረጅም ደረቅ ጊዜ በኋላ የመጀመሪያው ካፊያ ደግሞ ከሁሉም የከፋ ነው፤ የከረመው ዘይትና አቧራ ከአስፋልቱ ላይ ይነሳል። ቀለም ያልተቀባ የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ማታ ማታ ወጥመድ ነው።

መንገድ ዳር ያለውን የብረት አጥርም እዩት። መኪና ገደል እንዳይገባ ተብሎ የተሠራ ነው፣ ጥሩ። ነገር ግን የሚንሸራተት ሞተረኛ ከሥሩ ይገባና ከቋሚው ብረት ጋር ይጋጫል። የአውሮፓ ሞተረኞች ለዓመታት የጮሁት በዚህ ነው። የጠየቁት አጥሩ ይነሳ ሳይሆን መታጠፊያዎች ላይ ከታች አንድ ተጨማሪ ብረት ይታሰርበት ነው። በሽቦ ገመድ የሚሠራውንማ እንግሊዞቹ «የአይብ መቁረጫ» ይሉታል። ኖርዌይ እ.ኤ.አ. በ2006 እሱን መትከል አቆመች። የሞተረኛ ዘመቻ እንዲህ ሲሆን ደስ ይለኛል። የሚለምነው አንድ ብረት ነው፤ ብረቱ ደግሞ ዋጋ አለው፣ ቦታ አለው።

መንገድ ይከሰሳል ወይ ላልከው፣ ክሱን ለጠበቃ ልተወው። ማስረጃውን ግን አንተ ትሰበስባለህ። በቀን ብርሃን ፎቶ አንሳ። ጥልቀቱ እንዲታይ ጉድጓዱ አጠገብ ሄልሜትህን አስቀምጥ። የቅርቡን የመብራት ምሰሶ ወይም የሱቅ ስም በፎቶው አስገባ። አቤቱታህን በጽሑፍ አስገብተህ ማኅተም ያረፈበት ግልባጭ ተቀበል። ብቻህን ከሄድክ «እናያለን» ነው። በአንድ ጉድጓድ አሥር ሰው ከሄደ ግን ፋይል ይከፈታል። የዴሊቨሪ ልጆች የቴሌግራም ግሩፕ አላችሁ። ቀልድ ከምትለዋወጡበት ላይ ትንሽ ቀንሳችሁ የጉድጓድ ፎቶ ላኩበት። ከተማዋን በየቀኑ በሁለት ጎማ የሚዞር ከናንተ ሌላ ማን አለ?

«እስራኤል ነው የምኖረው። የሞተር የግዴታ ኢንሹራንስ ከመኪናው ይበልጣል። ይህ አድልዎ አይደለም?» (ከነታንያ)

የእስራኤል ሞተረኞች በዚህ ጉዳይ ደጋግመው ሰልፍ ወጥተዋል፣ ብቻህን አይደለህም። ግን አንድ ነገር አትርሳ። እናንተ ጋ እ.ኤ.አ. በ1975 በወጣው ሕግ መሠረት ማን አጠፋ ሳይባል የተጎዳው ይካሳል፤ ሞተረኛውም ጭምር። ውድ የሆነው የራስህን እግርና ራስ ስለሚሸፍን ነው። እኛ ጋ በአዋጅ 799/2005 ግዴታ የሆነው የሦስተኛ ወገን መድን የሚሸፍነው ሌላውን ሰው ነው። ሞተረኛው ራሱ ቢወድቅ፣ አዋጁ ሲወጣ ለድንገተኛ ሕክምና የተቀመጠለት ጣሪያ 2,000 ብር ነበር። ዛሬ 2,000 ብር የት ድረስ እንደሚወስድ ታክመው ያዩት ያውቃሉ።

የፈረንሳይ ሞተረኞች መላ ያስቀናል። እ.ኤ.አ. በ1980 «የተቆጡ ሞተረኞች ፌዴሬሽን» ብለው ተደራጁ። ስሙ ራሱ ደስ ይላል። ኢንሹራንስ ድርጅቶቹ ዋጋ አልቀንስ ሲሏቸው ከሞተረኞች ገንዘብ ሰብስበው እ.ኤ.አ. በ1983 የራሳቸውን የጋራ ኢንሹራንስ አቋቋሙ። እስከ ዛሬ ይሠራል። ዕድርና ዕቁብ ለሚያውቅ ሕዝብ ይሄ ባዕድ ሐሳብ አይደለም። ሞተረኛ ሲሰበር የሚደርስ ዕድር ቢኖረን የሚል ሐሳብ ለሠልጣኞቼ አንስቼ ነበር። ሳቁ። ከሁለት ወር በኋላ አንዱ እግሩን ተሰበረና ለጀሶ የሚሆን ብር እንኳ ሳንሰበስብ ቀረን። አሁን አይስቁም።

«ሴት ሞተረኛ ነኝ። ትራፊክ ሲያስቆመኝ መጀመሪያ ‹የማን ሞተር ነው?› ይለኛል። ምን ልበለው?» (ከሐዋሳ)

እህቴ፣ ሊብሬውን አሳዪው። ስሙ ያንቺ ነው። ቃል አትጨምሪ። ወንዱን «የማን ነው?» ብሎ አይጠይቅም፣ «መንጃ ፈቃድ» ነው የሚለው። አንቺንም እንደዚያ እንዲጠይቅሽ ነው የምንፈልገው። ተግባብቶ መሄድ የማይቻል ከሆነ ግን ቀኑን፣ ሰዓቱንና ቦታውን ጻፊና ለአለቃው አመልክቺ። አንዴ ሊረሳ ይችላል፣ ሦስት ጊዜ በጽሑፍ ከገባ አይረሳም።

ይህችን ልጅ ሳናግር ከጀርባዋ የሞተር ድምፅ ይንተከተካል። «እየነዳሽ ነው እንዴ የምታወሪኝ?» አልኳት ደንግጬ።

«ኧረ ቆሜ ነው» አለች። «ሄልሜቴን ግን አላወለቅኩም፤ ለዚያ ነው ድምፄ የታፈነው።»